ስለ መኪና ዓመታዊ ምርመራ

የቀድሞ ሰዎች ሩቅ መንገድ ለመሄድ ባሰቡ ጊዜ፣ ስንቃቸውን ከመቋጠራቸው አስቀድሞ በቅሎዋን ይመለከቱ ነበር። ጀርባዋ ገጣባ እንዳይኖረው ይዳስሳሉ፤ ሰኮናዋን አንሥተው ያያሉ፤ የኮርቻውን ጠፍር ይስባሉ፤ ልጓሙንና እርካቡን ይፈትናሉ። ይህን ሳያደርግ የተነሣ መንገደኛ ከገደል አፋፍ ላይ ጠፍሩ ቢበጠስበት፣ ወሬውን የሰማ ሰው ሁሉ የሚወቅሰው በቅሎዋን ሳይሆን ባለቤቷን ነበር። ለምን ቢሉ፣ በቅሎ ስለ ራሷ ልትናገር አትችልምና፣ ስለ እርሷ አስቀድሞ አይቶ ማወቅ የባለቤቷ ግዴታ ስለ ሆነ ነው።

በ1900 ዓ.ም.፣ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ የመጀመሪያው አውቶሞቢል ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ግን የመንገዱ ነገር ተለወጠ። በቅሎዋ የምትሸከመው አንድ ሰው ነበር፤ ዛሬ አንዱ አውቶቡስ የስድሳ ሰው ነፍስ ይዞ ይሮጣል። በቅሎዋ ስትደክም ትቆማለች፤ መኪና ግን ፍሬኑ ሲደክም አይቆምም፤ እንዲያውም መቆም የማይችለው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ በቅሎዋን መመልከት የባለቤቷ ግዴታ ከነበረ፣ የብዙ ሰው ሕይወት የሚጫንበትን መኪና መመልከት የባለቤቱ ብቻ ሳይሆን የመንግሥትም ግዴታ ሊሆን ግድ ሆኗል።

ይህም ግዴታ ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ በወጣው በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ተደንግጓል። ተሽከርካሪ ሁሉ በየዓመቱ እየተመረመረ ለመንገድ ብቁ መሆኑ ሊረጋገጥ ይገባዋል። ምርመራውን ያለፈና የመድኑንና የሌላውንም ግዴታ የፈጸመ ሰው፣ በተለምዶ ቦሎ የምንለውን ምልክት ተቀብሎ በመኪናው የፊት መስተዋት ላይ ይለጥፋል። ቦሎ የሚለው ቃል ከኢጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ማኅተም ማለት ነው። ማኅተም ደግሞ የሚታተመው ቃል በተጻፈበት ደብዳቤ ላይ እንጂ በባዶ ወረቀት ላይ እንዳልሆነ፣ ማኅተም በእጃቸው ያለ ሹማምንት ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። በዚህ ማኅተም ሥር ያለው ቃል ይህ ነው፦ «ይህን መኪና አይተነዋል፤ ይቆማል፤ ይታጠፋል፤ በሌሊት ያያል፤ ይታያል»።

ይህ ምስክርነት የሚሰጠው ለማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። ብዙ ሰው ቦሎ ማለት ለትራፊክ ፖሊስ የሚታይ ወረቀት ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ልጇን አዝላ ከመናኸሪያ አውቶቡስ የምትሳፈር እናት፣ ከመኪናው ሥር ገብታ ፍሬኑን ልትመለከት አትችልም፤ ብትመለከትም ደጉን ከክፉው ለይታ አታውቀውም። ደብተሩን ይዞ በመንገድ ዳር የሚሄደው ተማሪ፣ ከኋላው የሚመጣው የጭነት መኪና መሪው የላላ ይሁን የጠበቀ አያውቅም። ከፊት ለፊት የሚመጣውም ነጂ እንደዚሁ ነው። እነዚህ ሁሉ ሳያዩ የሚያምኑት፣ ማየት የሚገባው ሰው አይቶልኛል ብለው ነው። ስለዚህ የምርመራው ወረቀት የተጻፈው ለፖሊሱ ሳይሆን ለእነርሱ ነው።

ከዚህ የተነሣ መኪናው በእውነት ሳይታይ የሚሰጥ ወረቀት ከነአካቴው ወረቀት ካለመኖሩ ይልቅ ይከፋል። ምርመራ በሌለበት አገር ሰው ቢያንስ ይጠራጠራል፤ ተጠራጥሮም ይጠነቀቃል። ሐሰተኛ ማኅተም በተለጠፈበት መኪና ላይ ግን ጥርጣሬውን ጥሎ፣ ልጁን ይዞ፣ ተማምኖ ይሳፈራል። በሐሰት መመስከር ከዐሠርቱ ትእዛዛት አንዱ የከለከለው ነገር ነው፤ እንዲህ ያለውም ወረቀት በእስክርቢቶ የተሰጠ የሐሰት ምስክርነት ነው እንጂ ሌላ ስም የለውም።

በኦሪት ዘፀአት ስለ ተዋጊ በሬ የተጻፈውን ሕግ ሊቃውንቱ ያውቁታል። በሬው ሰው ወግቶ የገደለ እንደ ሆነ፣ ባለቤቱ አስቀድሞ ጠባዩን ካላወቀ በደል የለበትም፤ በሬህ ተዋጊ ነው ተብሎ ተነግሮት ሳለ ሳይጠብቀው የቀረ እንደ ሆነ ግን የሰውየው ደም በባለቤቱ ላይ ይሆናል። የሕጉ ምሥጢር ዕውቀት ያመጣው ኀላፊነት ነው። ዓመታዊ ምርመራም ለባለመኪናው ስለ በሬው የሚነገር ቃል ነው። «የኋላው ግራ ፍሬን አይዝም» ተብሎ የተነገረው ሰው፣ ከዚያ በኋላ አላወቅሁም ሊል አይችልም። እንዳይነገረው ብሎ ከምርመራ የሸሸ ሰው ደግሞ ጆሮውን በእጁ የደፈነ ነውና፣ እርሱም አልሰማሁም ቢል የሚያምነው ዳኛ አያገኝም።

አሁን ምርመራው ምን እንደሚያይና ስለ ምን እንደሚያይ ጥቂት እንናገር። መርማሪው በመጀመሪያ የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ያመሳክራል፤ የሚመረመረውና የተመዘገበው መኪና አንድ ካልሆነ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነውና። ቀጥሎ መብራቶቹን፣ ፍሬቻውን፣ ጥሩንባውን፣ የዝናብ መጥረጊያውን፣ መስተዋቶቹን ያያል። የፊት መብራት መብራቱ ብቻ አይበቃም፤ አነጣጥሮው ከፍ ያለ እንደ ሆነ ለራሱ መንገድ ሳያሳይ የሚመጣውን ነጂ ያሳውራል። ከዚያም መኪናው ጕድጓድ በተቈፈረበት ቦታ ላይ ይቆምና መርማሪው ከሥር ሆኖ የመሪውን መገጣጠሚያ፣ ባሌስትራውን፣ የፍሬኑን ቧንቧና የሚያፈስ ዘይት መኖር አለመኖሩን ይመለከታል። የጭሱም ነገር ይለካል፤ የከተማ ሕፃናት የሚተነፍሱት እርሱን ነውና።

ጎማ ብዙ ሰው የሚንቀው ነገር ነው። በጎማ ላይ ያለው የጥርስ ቅርጽ ለጌጥ የተሠራ ሳይሆን፣ በክረምት በአስፋልቱ ላይ የተኛውን ውኃ ወደ ጎን አውጥቶ ጎማው መሬቱን እንዲነካ የሚያደርግ ነው። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል፤ የተንሳፈፈ ጎማም መሪውንም ፍሬኑንም አይሰማም። በአውሮፓ የጥርሱ ጥልቀት ከ1.6 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጎማ በሕግ የተከለከለው ስለዚህ ነው። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ለሚወርድበት ለእኛ ደጋ ደግሞ ነገሩ የበለጠ እንጂ ያነሰ አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ፍሬን ነው። የፍሬን ሥራ የመኪናውን ሩጫ በመፈተግ ወደ ሙቀት መለወጥ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ የሆነ መኪና ፍሬን ከያዘ በኋላ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። በሜዳ ላይ ደካማ ፍሬን ያለው መኪና ዓመት ሙሉ ሄዶ ላይታወቅበት ይችላል። ነገር ግን ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ የጭነት መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለበት። ነጂው በከባድ ማርሽ ሳይወርድ ፍሬኑን እየረገጠ ብቻ የወረደ እንደ ሆነ፣ ታምቡሩ ይግላል፤ ሸራው መያዙን ትቶ ይንሸራተታል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ፣ ሳይለወጥ የቆየ ዘይት ቶሎ ይፈላል፤ ከፈላም በኋላ ነጂው የሚረግጠው ባዶ ነገር ይሆንበታል። ሰው ፍሬን በጠሰ የሚለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን ነው። ከአራቱ መንኰራኵር አንዱ ብቻ ቢደክም ደግሞ መኪናው ፍሬን በተያዘ ጊዜ ወደ አንድ ወገን ይጎተታል፤ ያ ወገንም ገደሉ ያለበት ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ የተለማመደ የነጂ እግር ሳይቀር ላያውቀው ይችላል፤ የምርመራው መሣሪያ ግን እያንዳንዱን መንኰራኵር በሚሽከረከሩ ብረቶች ላይ አቁሞ የግራውንና የቀኙን ኀይል ለየብቻ በቁጥር ይናገራል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ጉዳይ ኖሮን ከአንድ ምርመራ ቤት ደጅ ግማሽ ቀን ቆመን ነበር። አንድ ሽማግሌ የጭነት መኪናቸውን አስመርምረው በፍሬን ምክንያት አላለፈም ተባሉ። «ልጄ፣ ትናንት ከደብረ ብርሃን እህል ጭኜ ገብቻለሁ፤ ምንም አላለኝም» ብለው ተቈጡ። መርማሪው ወጣት ነበር፤ በትሕትና ቁጥሩን እያሳየ፣ «ጋሼ፣ እግዚአብሔር አስገባዎት እንጂ ፍሬኑስ አላስገባዎትም» አላቸው። ሽማግሌው ቁጥሩን ጥቂት ጊዜ ተመለከቱና ምንም ሳይመልሱ መኪናቸውን ቀስ አድርገው ወደ ጋራዥ ነዱ። የዕለቱ ገቢያቸው ቀርቶባቸዋል፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንገዳቸው የሚያልፈው ሰው ሁሉ፣ ሳያውቀው፣ የእርሳቸው ባለዕዳ ሆኗል።

በዚያው ቀን ከዚያው ግቢ ጥግ ሌላ ነገር አየን። አንድ ወጣት ባለመኪና ምርመራውን አልፎ ከወጣ በኋላ፣ አዳዲሶቹን አራት ጎማዎች አስፈትቶ ለአከራያቸው መለሰና ያረጁትን አስገጠመ። ቦሎውን ለመቀበል የሚያበቃው ወረቀት በእጁ ነበረ፤ ወረቀቱ የመሰከረላቸው ጎማዎች ግን በሰው ትከሻ ላይ ሆነው ወደ ሌላ መኪና ይሄዱ ነበር። እኛም ይህን አይተን ምንም ሳንናገር መንገዳችንን ሄድን። ያን ዕለት ዝም ማለታችን ከኅሊናችን ስላልወጣ ነው ዛሬ ይህን የምንጽፈው። እንዲህ ያለውን ሰው ብልህ የሚለው ብዙ ነው። እርሱ ግን ያታለለው መርማሪውን ሳይሆን፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከጎኑ የሚቀመጡትን ሚስቱንና ልጆቹን ነው።

ከዚህ የሚከፋው መኪናው ከቤቱ ሳይወጣ ወረቀቱ ብቻ በደላላ እጅ ሄዶ ተፈርሞ የሚመለስ የሆነ እንደ ሆነ ነው። ጎማ ተከራይቶ የሄደው ሰው ቢያንስ ፍሬኑን አሳይቷል፤ ይህኛው ግን ምንም አላሳየም። በዚህ ላይ የሰጪውና የተቀባዩ ጥፋት እኩል ነው ማለት አይቻልም። ባለመኪናው ገንዘቡንና ጊዜውን የሚሳሳ አንድ ሰው ነው፤ ፈራሚው ግን የብዙ ሰው እምነት ተሰጥቶት የሸጠ ነውና የእርሱ ይከብዳል።

አንዳንድ ሰዎች ምርመራው አላስፈላጊ ድካም ነው ይላሉ። ክርክራቸውንም በቅንነት መስማት ይገባል። አብዛኛው የመንገድ አደጋ የሚመጣው ከነጂ ጥፋት እንጂ ከመኪና ብልሽት አይደለም ይላሉ፤ ይህም እውነት ነው። ከባሕር ማዶም ምሳሌ ያመጣሉ፤ በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ2025 መጀመሪያ አንሥቶ የንግድ ላልሆኑ መኪናዎች ዓመታዊውን የደኅንነት ምርመራ አስቀርቷል፤ ይህም እውነት ነው።

ነገር ግን የእንግሊዝን አገር ታሪክ ደግሞ እንመልከት። እንግሊዞች ምርመራውን በ1960 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ሲጀምሩ፣ የታዘዘው ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው መኪናዎች ብቻ ነበር፤ የሚታየውም ፍሬን፣ መብራትና መሪ ነበር። ከተመረመሩት መካከል ብዙዎቹ ወድቀው ስለ ተገኙ፣ በሚቀጥለው ዓመት ዕድሜው ወደ ሰባት ዓመት ዝቅ ተደረገ፤ በ1967ም ወደ ሦስት ዓመት ወረደ። ማንም አስቀድሞ ያልጠረጠረውን ያህል ጉድለት የተገኘው፣ መፈለግ በተጀመረ ጊዜ ነው። ወደ እኛ አገር ለብዙ ዓመታት የገባው መኪና አብዛኛው በሌላ አገር አገልግሎ ያረጀ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ቢጥልም፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ቢከለከልም፣ ቀድሞ የገባው አሁንም በመንገድ ላይ ነው፤ በየዓመቱም አንድ ዓመት ይጨምራል። በሜዳ አገር አዲስ መኪና ለሚነዳ ሕዝብ የሚበቃው፣ በዓባይ በረሃና በጣርማበር አሮጌ መኪና ለሚነዳ ሕዝብ አይበቃም። በኤሌክትሪክ የሚሠራውም አዲስ መኪና ቢሆን ጭሱ ይቅርለት እንጂ ጎማው፣ መሪውና ፍሬኑ እንደ ሌላው ያልቃሉ።

የነጂን ጥፋት በተመለከተ ደግሞ፣ ጥፋት በሚፈጸምበት ቅጽበት የሚያድነው ደኅና ፍሬን መሆኑን እናስብ። ሕፃን ድንገት መንገድ ላይ ሲወጣ፣ ቸልተኛው ነጂ ዘግይቶ ቢረግጥም እንኳ፣ በሕፃኑና በሞት መካከል ያለው ነገር የፍሬኑ ሸራ ውፍረት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ባወጣው መግለጫ፣ በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ፤ አብዛኛውም የሚሞተው መኪና በበዛበት ሀብታም አገር ሳይሆን እንደ እኛ ባለው ነው።

እንግዲህ ባለመኪና የሆነ ሰው ምን ያድርግ? በመጀመሪያ፣ የቦሎው ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው አይነሣ። በመጨረሻው ሳምንት በየምርመራ ቤቱ ደጅ የሚቆመው ረጅም ሰልፍ መርማሪውንም ያቻኵላል፤ ባለመኪናውንም ለደላላ አሳልፎ ይሰጣል። የቸኰለ አፍሶ ለቀመ እንደ ተባለው ይሆናል። ሁለተኛ፣ ለምርመራ የሚሄድበትን ቤት ሲመርጥ፣ በአካባቢው ካለው የመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ፈቃድ ያላቸው የትኞቹ እንደ ሆኑና ለእርሱ መኪና ዐይነት የሚሆን መሣሪያ ያላቸው የትኞቹ እንደ ሆኑ ይጠይቅ። ለትንሽ አውቶሞቢል የተሠራ መሣሪያ ከባድ የጭነት መኪና አይመዝንምና። ሦስተኛ፣ «እዚያ ቤት ቶሎ ያሳልፋሉ» የሚለውን ወሬ ሰምቶ የሚመርጥ ሰው፣ ሐኪም ሲፈልግ «እርሱ ደኅና ነህ ብሎ ይለቃል» የሚባለውን እንደሚመርጥ በሽተኛ መሆኑን ይወቅ። አራተኛ፣ ከምርመራው ሳምንት ቀድሞ በሚያምነው መካኒክ ፍሬኑን፣ ጎማውንና መብራቱን ቢያሳይ፣ ወጪውም ይቀላል፤ ቀኑም አይባክንበትም።

በሥራው ላይ ያላችሁ ሹማምንት ደግሞ ልታስቡበት የሚገባ ነገር አለ። ባለመኪናው ሕጉን እንዲፈጽም ስንጠይቀው፣ ሕጉ የሚፈጸምበትን ቦታ በሚደርስበት አኳኋን ልናዘጋጅለት ይገባል። ከገጠር ወረዳ ተነሥቶ ለምርመራ ወደ ሩቅ ከተማ የሚሄድ ሰው፣ ያልተመረመረውን መኪና የሚነዳው በዚያው በሩቁ መንገድ ላይ መሆኑን አስቡ። ስለዚህ ፈቃድ ያላቸው ምርመራ ቤቶች ዝርዝር ከነቦታቸውና ከነሥራ ሰዓታቸው በየቀበሌውና በየመናኸሪያው ግልጽ ሆኖ ይለጠፍ። ምርመራ ቤት በሌለበትም አካባቢ መሣሪያውን በመኪና ጭኖ ቀን ቈርጦ ወደ ባለመኪናዎቹ መሄድ ቢቻል መልካም ነው። መኪና የወደቀበት ሰው የወደቀበትን ምክንያት በሚያነበው ቋንቋ፣ መርማሪው ስሙን ጽፎ በፈረመበት ወረቀት ይሰጠው። ስሙን የሚጽፍ ሰው ዐይኑን ከፍቶ ያያልና።

የሌሎችም አገሮች ሥራ ትምህርት ይሆነናል። በእንግሊዝ አገር ማንም ሰው የአንድን መኪና የሰሌዳ ቁጥር አስገብቶ፣ መቼ እንደ ተመረመረ፣ በምን እንደ ወደቀና በምን እንዳለፈ ያለ ክፍያ በኢንተርኔት ለማየት ይችላል። መኪና የሚገዛውም፣ የሚሳፈረውም ያያል። በጀርመን ደግሞ የሚመረምረውና የሚጠግነው አንድ ሰው አይደለም፤ ጉድለት ማግኘትም ጉድለት መሸፈንም ለመርማሪው ጥቅም እንዳይሆን ነው። በእኛም አገር መዝገቡ እንዲህ ለሕዝብ ቢገለጥ፣ ደላላው የሚሸጠው ነገር ያጣል። አደጋም በደረሰ ጊዜ የነጂው መንጃ ፈቃድ እንደሚጠየቀው ሁሉ፣ የመኪናው የመጨረሻ ምርመራ ወረቀት ተፈልጎ ማን እንደ ፈረመው ይጠየቅ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው እንዳይሆን፣ ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ፈራሚው አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ከሁሉም በፊት ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መኪናዎች ይቅደሙ። ሕዝብ ሕጉን የሚያነበው በነጋሪት ጋዜጣ ሳይሆን በሹሙ መኪና ላይ ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት መኪና ጎማው አልቆ፣ የኋላ መብራቱ ተሰብሮ በአደባባይ ሲሄድ ያየ ባለታክሲ፣ በማግሥቱ ተይዞ ቢቀጣ ቅጣቱን እንደ ፍርድ ሳይሆን እንደ ግፍ ይቈጥረዋል። የመሥሪያ ቤት ኀላፊ የሆነ ሁሉ በግቢው ያሉትን መኪናዎች ቈጥሮ፣ የትኛው በጊዜው እንደ ተመረመረ፣ የትኛው እንዳልተመረመረ በዚህ ሳምንት ቢጠይቅ፣ ከእኛ ብዙ ጽሑፍ ይልቅ ያች አንዲት ጥያቄ ትጠቅማለች።

ካህናቱና ሊቃውንቱም በዚህ ነገር ትልቅ ድርሻ አላቸው። በመስከረም ወደ ግሸን፣ በታኅሣሥ ወደ ቁልቢ፣ በልደት ወደ ላሊበላ የሚጓዘው ምእመን ብዙ ነው፤ የሚሄድበትም መንገድ አቀበትና ቁልቁለት የሞላበት ነው። መኪናውን የሚከራየው ብዙ ጊዜ የሰበካ ጉባኤ ወይም ማኅበር ነው። ዋጋው ስንት ነው ከማለት አስቀድሞ «የምርመራውን ወረቀት አሳየን» ብሎ መጠየቅ፣ ጎማውንም ወርዶ በዐይን ማየት፣ ከጸሎተ ፍትሐት በፊት የሚደረግ የፍቅር ሥራ ነው። የንስሐ አባትም የንስሐ ልጁ ባለመኪና እንደ ሆነ፣ ስለ ጾሙና ስለ ምጽዋቱ እንደሚጠይቀው ስለ ፍሬኑም ቢጠይቀው ከአገልግሎቱ የወጣ አይደለም፤ የባልንጀራን ነፍስ የሚመለከት ነውና።

ይህን ስንል ምርመራ ሁሉን ያድናል ማለታችን አይደለም። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በሲዳማ በቦና ወረዳ ከሠርግ ጋር የነበሩ ሰዎችን የጫነ የጭነት መኪና ወንዝ ውስጥ ገብቶ ሰባ ያህል ሰዎች ማለቃቸውን አገር ሁሉ ሰምቶ አዝኗል። ለዕቃ የተሠራ መኪና ሰው ሲጫንበት፣ ከልክ በላይም ሲሞላ፣ ነጂውም ሲደክም ወይም ሲፈጥን፣ የትኛውም ወረቀት አያድነውም። ምርመራው በዓመት አንድ ቀን ነው፤ መንገዱ ግን ሦስት መቶ ስድሳ አምስት ቀን ነው። ስለዚህ ምርመራው የጥንቃቄ መጀመሪያ ሆኖ የቀረው ለነጂው፣ ለባለቤቱና ለተቈጣጣሪው ተትቷል። መጀመሪያው ሐሰት የሆነ እንደ ሆነ ግን የቀረው በምን ላይ ይቆማል?

አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ሲሉ፣ የእሳቱን ትንሽነት ሳይሆን የሰውን ትጋት ሲያመሰግኑ ነው። ባለመኪናው ጎማውን ሳይከራይ፣ መርማሪው ዐይኑን ሳይጨፍን፣ ሹሙ ራሱን ሳያስቀድም፣ ካህኑም ሳይጠይቅ እንዳይቀር እንለምናለን። እኛም በዚያ ቀን ከምርመራ ቤቱ ጥግ አይተን ዝም ያልነውን ከእንግዲህ አይተን ዝም ላንል ለአንባቢዎቻችን ቃል እንገባለን። ልጇን አዝላ አውቶቡስ የምትሳፈረው እናት በመስተዋቱ ላይ የተለጠፈውን ማኅተም አይታ ያመነችው እምነት፣ በሁላችን እጅ የተቀመጠ አደራ ነውና፣ አደራውን የምንጠብቅ እንድንሆን እግዚአብሔር ይርዳን።